ላሟ ያንተ ናት፤ ግን እዚያው ትቆይ

የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤን የሚያህል ሐቀኛ ተቋም ያየ ካለ ይንገረኝ። ሌላው ዘንድ ዳኛ ሲሳሳት ፌዴሬሽኑ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። እነሱ ዘንድ ግን ከ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ መጨረሻው አንገት ለአንገት የሆነ ጨዋታ ሁሉ በማግስቱ ሪፖርት ይወጣለታል። ስለ መጨረሻዎቹ 2 ደቂቃዎች ብቻ ነው። የቱ ፊሽካ ልክ ነበር፣ የቱ ያለቦታው ተነፋ፣ የቱ ፋውል በዝምታ ታለፈ፣ ሁሉም በሰንጠረዥ ተሰድሮ ይቀርባል። ስህተቱ በሰከንድ ሽራፊ ተለክቶ፣ የአጥፊው ስም ተጽፎ፣ ቪዲዮው ተያይዞ። ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። ሪፖርት ወጥቶልሃል፤ ደግሞ ምን ቀረህ?

አርቦሬ ያለን ጥቂት የቅርጫት ኳስ ወዳጆች ይህ የረቀቀ ፍትሕ ሊገባን አልቻለም። ከወይጦ ወደ ቱርሚ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለን ቆለኞች፣ ኑሯችንም ከከብት ጋር ስለሆነ ይሆናል። በእኛ አገር የሰው ላም በረቱ ውስጥ የተገኘበት ሰው ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «አዎ፣ የእሱ ናት» ካለ ላሟ ወደ ባለቤቷ ትነዳለች፤ ካሳውም ይከተላታል። ኤንቢኤ ሽማግሌ ሆኖ ቢቀመጥ ግን እንዲህ ይል ነበር፦ «ላሟ ያንተ መሆኗን በሚገባ አጣርተናል። ቀለሟን፣ የቀንዷን አወጣጥ፣ ጆሮዋ ላይ ያለውን ምልክት ሁሉ መዝግበናል። እንኳን ደስ አለህ! ላሟ ግን እዚያው ትቆይ፤ ሰውየው ማለብ ጀምሯል።»

የዲትሮይት ሰዎች ይህን ምርቃት ከተቀበሉት መካከል ናቸው። በ2025 የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ቡድናቸው ፒስተንስ በሜዳው ኒውዮርክ ኒክስን ገጥሞ 94 ለ 93 እየተመራ ነበር። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ቲም ሃርዳዌይ ጁኒየር ከጥግ ለሦስት ነጥብ ሲወረውር ጆሽ ሃርት ዘልሎ ገላው ላይ ወደቀበት። ፊሽካ የለም። የጥሎ ማለፉ ፕሌይኦፍ ነዋ! በኅዳር ክንድ መንካት ፋውል ነው፤ በሚያዝያ ሰው ላይ መውደቅ «ወንድ ልጅ ይጫወት» ይባላል። ቢነፋ ኖሮ ሦስት ፍሪ ትሮው ነበር፤ አንዱ ቢገባ እኩል፣ ሁለቱ ቢገቡ ማሸነፊያ። ከጨዋታው በኋላ የዳኞቹ አለቃ ቪዲዮውን አይቶ ፋውል መነፋት እንደነበረበት አመነ። አመነ ስላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ትልቅ ሰው ማመኑ ቀላል ነገር አይደለም! 2 ለ 2 ሊሆን ይችል የነበረው ተከታታይ ጨዋታ 3 ለ 1 ሆነ፤ ኒክስም በስድስተኛው ጨዋታ ዲትሮይትን ወደ ቤቱ ሸኘ።

ዳኞቹ ያልነፉትን ለማየት ቸኩለው አያውቁም፤ የነፉትን ለማየት ግን ጊዜ ሞልቷቸዋል። ዋና ዋናዎቹ ጨዋታዎች የሚጀምሩት በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እንቅልፉን ትቶ በስልኩ ያፈጠጠ ሰው ዳታው ሊያልቅ ሲል መጨረሻው ላይ ምን ያያል? ሦስት ዳኞች ጆሮ ማዳመጫ አድርገው ስክሪን ላይ አቀርቅረው ቆመዋል። ኒው ጀርሲ፣ ሴካውከስ የሚባል ቦታ ካለው የሪፕሌይ ማዕከል ጋር እየተማከሩ ነው፤ ኳሷን የነካት የማን ጥፍር ነው? ጥፍሩ ሲገኝ ዳታው ያልቃል። ውጤቱን ጠዋት ከሰው እንሰማለን፤ ስህተት መሆኑን ደግሞ ሌሊት ከሪፖርቱ።

«ያለፈ ጨዋታ እንዴት ይመለሳል?» የሚል የዋህ አይጠፋም። ሲፈልጉ ይመለሳል! በታኅሣሥ 2007 አትላንታ ላይ የጠረጴዛ መዝጋቢዎች የሻኪል ኦኒልን አምስት ፋውል ስድስት ብለው ቆጠሩና ከጨዋታ ወጣ። ማያሚ ሂት ይግባኝ አለ፤ ሊጉም የመጨረሻዎቹ 51.9 ሰከንዶች ይደገሙ ብሎ በየነ። በመጋቢት 2008 ሁለቱ ቡድኖች ተሰብስበው ደገሟቸው። ሻኪል ግን የለም፤ በመሀሉ ወደ ፊኒክስ ተዛውሯል። በ51.9 ሰከንዱም አንድም ነጥብ አልገባ። ካሳ እንዲህ ነው! ግን ይኼ የጠረጴዛ ስህተት ነው። ፊሽካ የያዘ ሰው ስህተት ለይግባኝ አይመችም። ቲም ዶናሂ የተባለው ዳኛ ራሱ በሚያጫውታቸው ጨዋታዎች ላይ ይወራረድ እንደነበር በ2007 ፍርድ ቤት ቀርቦ አምኗል፤ 15 ወር ተፈርዶበታል። እሱ ካጫወታቸው ጨዋታዎች ስንቱ ውጤት ተሰረዘ? አንድም።

እውነት ለመናገር አሜሪካውያን የሰዓትን መመለስ ቀምሰው ያውቁታል። በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ሶቪየት ኅብረትን 50 ለ 49 እየመሩ 3 ሰከንድ ቀረ። ያቺ 3 ሰከንድ እየተመለሰች ሦስት ጊዜ ተጫወቷት፤ በሦስተኛው ሶቪየቶች አግብተው 51 ለ 50 ወርቁን ወሰዱ። የአሜሪካ ተጫዋቾች የብር ሜዳሊያውን አንነካም አሉ፤ እስከ ዛሬም አልወሰዱትም። በዚያው ሙኒክ የእኛው ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ነሐስ አምጥቶ ለ5,000 ሜትሩ በሰዓቱ ባለመድረሱ ሳይሮጥ ቀረ። ለእሱ ሰዓት የመለሰለት አልነበረም፤ ሁለቱንም ወርቅ ለመውሰድ ሞስኮን፣ ስምንት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። እንግዲህ አሜሪካን የመሰለ ተበድሎ የሚያውቅ አገር ነው ለዓለም ሪፖርት የሚያከፋፍለው።

ለሊጉ አለቆች ከአርቦሬ የምንልከው ልመና አጭር ነው። ወይ ያመናችሁትን ጥፋት ከነጥቡ ጋር መልሱ፣ ወይ ሪፖርቱን ተዉት። መበደላችንንማ ሌሊቱን ቁጭ ብለን አይተነዋል፤ ለማረጋገጫው ሌላ ዳታ አታስገዙን።