ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ዘንድሮ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ «ይፍረስ» የሚልና «ቅርስ ነው» የሚል። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የሚሰማኝ የለም። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ባልኩበት አንዱ ወጣት መሐንዲስ ይመጣና «ፋዘር፣ ይሄ ሁሉ አሮጌ ቤት ተጠርጎ ባለ ዐሥር ፎቅ ቢቆምበት ምን ይመስልዎታል?» ይለኛል። እሱ ሳይሄድ ሌላዋ ካሜራዋን አንጠልጥላ ትደርስና «አባባ፣ ይሄ በር ሲያምር! ማንም እንዳይነካው!» ትላለች። በሩ ያማረባት ቀለሙ ተላጦ፣ ማጠፊያው ዝጎ ነው። እኔም ተላጥቻለሁ፣ ጉልበቴም ዝጓል፤ አንድም ቀን ፎቶ ያነሳኝ የለም።

ለማያውቅ ልንገር። ይህች ከተማ የባቡር ልጅ ናት። ሐሳቡ ሀዲዱን ከጅቡቲ አንስቶ ሐረር ማስገባት ነበር፤ ተራራው እምቢ አለ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ጉብ ብላለች፣ እኛ 1,200 ገደማ ላይ ተዘርግተናል። ኩባንያው ገደሉን አየ፣ ሒሳቡን አየ፣ ሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ደረሰ። ከተማዋን «አዲስ ሐረር» ሊሏት ፈልገው ነበር፤ ስሙ አልያዘላቸውም። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው፤ እስከዚያ ባለው ጊዜ ለብዙ ዓመታት የሀዲዱ መጨረሻ እኛው ነበርን። የመጨረሻ ጣቢያ መሆን ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የተሳፈረ ሁሉ እዚያ ይወርዳል። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ ወረደ፤ ወርዶም ቀረ። ኩባንያው ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራን መንገዷን ቀጥ አድርጎ፣ ዛፍ ተክሎ ሠራት። ከደቻቱ ማዶ መጋላ እንደ ልቧ አደገች።

እነዚያ ቤቶች ለምን እንደዚያ እንደተሠሩ የጠየቀኝ መሐንዲስ የለም። ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ይግባና ይጠይቀኝ። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ በረንዳው ፀሐይን ከግድግዳው ያርቃል፣ የእንጨት መስኮቱ ብርሃኑን ከልክሎ ነፋሱን ያሳልፋል። መብራት ኖረ አልኖረ ሰው ይተኛበታል። አሁን የሚሠራው መስታወት በመስታወት ነው። ፀሐይ ትገባለች እንጂ አትወጣም። ባለቤቱ ማቀዝቀዣ ይገዛል፣ መብራት ይጠፋል፣ ተከራዩ ሽርጡን አገልድሞ በረንዳ ይፈልጋል። በረንዳ የለውም! መጥቶ ከኔ ጋር ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ከዚያም ስለ ዘመናዊነት ያስረዳኛል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ቤት ለምን ተጎሳቁሎ ባዶ ቀረ? በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ድሃው የሚገባበት ቤት አገኘ፣ ይህን አልክድም፤ ቅር ያለው ባለቤት ብቻ ነበር። ነገር ግን ኪራዩ ረከሰና ቆርቆሮ እንኳ የማይገዛ ሆነ። ተከራዩ «ቤቱ የኔ አይደለም» ብሎ ምስማር አይመታም፤ አከራዩ «ከዚህ ኪራይ ምን አውጥቼ ልጠግን?» ይላል። ጣሪያው መሐል ሆኖ ሁለቱንም ያዳምጣል፣ ያፈሳል። በዚህ ላይ ባቡሩ ደከመ፤ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አዲስ አበባ መሄዱን ተወው። 784 ኪሎ ሜትር የነበረው ሀዲድ አብዛኛው ሥራ ፈትቶ ቀረ። በ2009 መስከረም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ጨፈርን፤ ከዚያ ጣቢያው የት እንደሆነ ስንጠይቅ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ተባለ። በባቡር የተወለደች ከተማ ባቡሯን ለማየት ባጃጅ ትሳፈራለች። አቦ ተዉኝ!

ከተማዋ ከሳች እያልኩ አይደለም፤ ወፍራለች። ሳቢያን ሰፈር በኩል ብትሄዱ፣ ነፃ የንግድ ቀጣናውን ብታዩ፣ ሰው በሰው ላይ ነው። የከሳው መሐሏ ነው። የደለበችው በዳር በዳር ነው።

አሁን ወደ ቁልፉ ልምጣ። ጎረቤቴ ያለ አንድ ሰፊ ቤት ተዘግቷል። ጣሪያው የሌሊት ወፍ መንደር ሆኗል፤ አሸንዳው ወድቆ ዝናቡን ወደ ግቢዬ ይልከዋል። አሸንዳው ይቀና ብዬ አንድ ቢሮ ሄድኩ። «ቤቱ የኛ አይደለም፣ ቁልፉ ሌላ ቢሮ ነው» አሉኝ። ሌላው ቢሮ «ቤቱ የኛ ነው፣ ቁልፉ ግን እኛ ጋ የለም» አሉ። ሦስተኛው ቢሮ «ቁልፉ በርክክብ ሰነድ ላይ አለ» አለኝ። ሰነዱ የት አለ ብል፣ ተዘግቶ ያለው ቢሮ ውስጥ። እሺ፣ እኔው በገዛ ገንዘቤ ላቅናው አልኩ። «አባባ፣ ቤቱ ቅርስ ነው፤ ሳይፈቀድ አይነካም» ተባልኩ። ልክ ናቸው። በ1992 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይጠገንም ይላል፤ አዋጁም ልክ ነው፣ ያለዚያ አንዱ ተነስቶ የመቶ ዓመት ድንጋይ ላይ ሴራሚክ ይለጥፍበት ነበር። ነገር ግን እዩልኝ፤ ለመጠገን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ቤቱ በራሱ ለመውደቅ ግን ማንንም አያስፈቅድም። ባለፈው ክረምት የኋላ ግድግዳው ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ማኅተም ወረደ። የጠየቀው የለም።

«ይፍረስ» ባዮች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። «አየህ ፋዘር፣ በግሬደር አንድ ቀን ነው!» ይላሉ። አውቃለሁ። በ2016 የአዲስ አበባ ፒያሳ እንዴት በፍጥነት እንደተነሳች በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ ሻንጣዬን ሸክፌ ብሄድ የማውቀው ማዕዘን አልቆየኝም። የሰፋ መንገድ ጥሩ ነው። እግሬ አልሰፋልኝም እንጂ። መፍረስ ያለበት ነገር የለም አልልም፤ አለ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። የወንዝ ጎርፍ መንገድ ላይ የተሠራ ቤት ቢያምርም ባያምርም መነሳት አለበት፤ እዚያ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። ሰው ላይ ሊወድቅ የደረሰ ግድግዳም እንደዚሁ። የምከራከረው፣ ቆሞ ለመኖር አሸንዳና ቆርቆሮ ብቻ የሚጠይቀውን ቤት ከሚገድለው ጋር ደርቦ መጥረግ ምን የሚሉት ድፍረት ነው በማለት ነው።

«ቅርስ ነው» ባዮችስ? እነሱም ፈውስ ብለው የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ሙዚየም። አሮጌው ጣቢያ ለገሃር ሙዚየም፣ የባቡሩ ጥገና ጋራዥ ሙዚየም፣ የእገሌ ቤት ሙዚየም። ሁሉም ሙዚየም ከሆነ ማን ገብቶ ያየዋል? እኔው ነኝ በየሳምንቱ ትኬት የምቆርጠው? ሙዚየም አንድ ይበቃናል። ሌላው ሥራ ይሰጠው። አዋሽ ላይ ያለውን የባቡር ጣቢያ ቡፌ አታውቁም? ባቡሩ ከቆመ በኋላም በመኪና የመጣውን እንግዳ ሲያበላና ሲያስተኛ ቆይቷል። ያኖረው አልጋ የሚያነጥፍ ሰው ነው፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ አይደለም። የኛ ጋራዥ ማሽንና ሰፊ ጣሪያ አለው፤ ሙያ የሚለምዱ ልጆች ደግሞ ከተማው ሙሉ ናቸው። ብረት መቁረጥ የምናውቅ ሽማግሌዎች ከማለቃችን በፊት ቢገናኙ ምን ነበረበት?

ልጄ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ናት። ዲትሮይት የምትባል የመኪና ከተማ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበራት፣ በ2020 ከ640 ሺህ በታች ሆነች። እዚያ፣ በዚሁ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ1913 የተከፈተ፣ ባለ 18 ፎቅ ግንብ ያለው የባቡር ጣቢያ ነበር። በ1988 የመጨረሻው ባቡር ወጣና ተዘጋ፤ መስኮቱ ረገፈ፣ የቻለ ሁሉ መዳቡን እየነቀለ ሸጠ፣ ይፍረስ ተባለ። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ2018 ማን ገዛው? ፎርድ! ባቡሩን ከሥራ ያስወጣው መኪና መጥቶ የባቡሩን ቤት አደሰ፤ በ2024 ተከፈተ። ልጄ በስልክ ስትነግረኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ስለዚህ እኔም አንድ ሐሳብ አለኝ። የድሬ ባቡር ተሳፋሪ ለማን ቀረ? ለባጃጅ። እንግዲያው የባጃጅ ማኅበራት ተሰባስበው አንዱን ባዶ የባቡር ቤት ይከራዩ፤ ጋራዥ ያድርጉት፣ ሻይ ቤት ያድርጉት፣ በረንዳው ላይ ለሽማግሌ አግዳሚ ወንበር ያስቀምጡ። የመንግሥት ቢሮዎችም ቤቱን በአነስተኛ ኪራይ ለረጅም ዓመት ይስጡ፤ «ኪራዩ ረክሷልና ጣሪያውን አንተ አድስ» ብለው ይጻፉበት። ፈቃድ ሰጪው ደግሞ አሸንዳ ለማቅናት ከአዲስ አበባ ደብዳቤ አያስጠብቅ፤ መልኩን ይቆጣጠር፣ ለምስማሩ ግን ሰውን ይመን።

እስከዚያው ግን አንድ ልመና አለኝ። ከናንተ መሐል፣ በመሳቢያችሁ ውስጥ ወይም ከአባታችሁ በወረሳችሁት ኮት ኪስ ውስጥ የማን እንደሆነ የማታውቁት ትልቅ የብረት ቁልፍ ያለው ሰው ካለ፣ እባካችሁ ከዚራ ድረስ ይዛችሁት ኑ። ሰኞ ጠዋት ክረምቱ ሳይብስ እንሞክረው።