ለብረትም ጎመን ዘር

ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ሻንጣው ውስጥ ጫማ ይኖራል፣ ሽቶ ይኖራል። ለቡ መብራት ኃይል እኛ ቤት ያረፈው የአክስቴ ልጅ ግን ይዞልን የመጣው የብረት መጥበሻ ነው። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ፣ ጥቁር፣ በአንድ እጅ አልነሳ የሚል ብረት!

ሕጉ ደግሞ ከብረቱ ይከብዳል። ውኃ ውስጥ አይዘፈዘፍም። እርጥቡን አይቀመጥም። ዘይት በስሱ ተቀብቶ፣ ትርፉ ተጠርጎ፣ ኦቭን ውስጥ 230 ዲግሪ አካባቢ አንድ ሰዓት ይግላል፤ ከዚያ እንደገና፣ ከዚያም እንደገና። ዘይቱ በሙቀቱ ይጠነክርና ብረቱን እንደ ቆዳ ይለብሰዋል፤ እንቁላል አይዝም፣ ዝገትም አይደፍረውም። በተልባ ዘይት የሚምሉም አሉ አለን።

እናቴ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው። «እና ልጄ፣ ምጣድ ማሟሸት ለመማር ነው እንዲህ የራቅከው?»

ምን ይመልሳል? አዲስ የሸክላ ምጣድ ላይ ዘው ብሎ ሊጥ የሚያፈስ የለም። ይግላል፤ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፤ በማሰሻ ጨርቅ እየታሸ፣ እየጨሰ፣ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ይደጋገማል። ቅባቱ የሸክላውን ቀዳዳ ደፍኖ ይጠነክራል። እንጀራ ከያዘ በጨው ይታሻል፤ ልጁም ለተጣበቀ ብረት ያዘዘው መድኃኒት ያው ጨው ነው። በመጋገሪያ ቀን የመጀመሪያዋ እንጀራ ማሟሻ ናት፣ ለእንግዳ አትቀርብም። እኛ ቤት የምትቀርበው ለእኔ ነው፤ ጢም ካወጣሁ በኋላም።

በእርግጥ ብረት አንድ ብልጫ አለው። ቢዝግ ተፈግፍጎ እንደገና ይሟሻል፤ ሸክላ ግን ከተሰበረ ተሰበረ ነው። ለምጣዱ ሲባል አይጧ የምትታለፈውም ለዚሁ ነው። ብረት ላይ ወጥታ ብትገኝ ምሕረቱን እንጃ።

እናቴ ኦቭኑን ትታ መጥበሻውን ቡታጋዝ ላይ ጣደችው፣ ጎመን ዘሯን ነሰነሰች። ጭሱ በደረጃው ወርዶ የምድር ቤቷን ጎረቤት ይዞ ተመለሰ፤ ሴትዮዋ የውኃ ባልዲ አንጠልጥላለች። ነገሩ ሲገባት ባልዲውን አስቀምጣ፣ «እሳቱን ቀንሺው፣ እያረረብሽ ነው» ብላ ሥራውን ተቀበለቻት። በማግስቱ እንቁላሉ መጥበሻው ላይ ተንሸራተተ።

እንዲህ ያለ ብረት ቤታችሁ ከገባ ታዲያ አደራ፦ በሽቦ አትፈትጉት፤ አጥባችሁ ወዲያው እሳት ላይ አድርቁት፤ ለቲማቲም ስልስም ሌላ ድስት ፈልጉለት፤ ኮምጣጣ ነገር የለበሰውን ይገፍፈዋል።