«ድራስቲካሊ»፦ ከመድኃኒት ቤት እስከ ስብሰባ አዳራሽ

እንግሊዝኛ «ድራስቲካሊ» የሚሉት ተውሳከ ግሥ አለው። ዋጋ ሲንር፣ የአየር ጠባይ ሲዛባ፣ መሥሪያ ቤት እንደ አዲስ ሲዋቀር ይጠራል፤ ነገሩ ከሥር መሠረቱ ተለወጠ ለማለት ነው። የሚጠሩት ሰዎች ቃሉ በወጣትነቱ የት ይውል እንደነበር ስለማያውቁ አይፈረድባቸውም።

ትውልዱ ከጨዋ ቤት ነው። የጥንት ግሪኮች ማድረግን «ድራን» ይሉት ነበር። ከዚሁ ግሥ ትያትረኞች «ድራማ»ን ወሰዱ፣ ሐኪሞች ደግሞ «ድራስቲኮስ»ን፣ ማለትም ሥራውን የሚሠራውን። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ እንጀራው የሚያስቀምጥ መድኃኒትን መግለጽ ነበር። ያውም ለዘብተኛውን አይደለም፤ «ድራስቲክ» የሚባለው ከዋጡት በኋላ ቀጠሮ የማያስይዘው ነው።

የመስክ ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ1776 የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ ዶክተር ቤንጃሚን ረሽ ሜርኩሪ ያለበትን ካሎሜል ከሜክሲኮው ጃላፕ ሥር ጋር ቀምመው ክኒን ሠሩ። ተጠቃሚው ክኒኑን «መብረቅ» አለው፤ ለምን እንዳለው ማብራራት የዚህ ጥናት ዓላማ አይደለም። አሜሪካውያኑ አሳሾች ሉዊስና ክላርክ በ1804 ወደ ምዕራብ ሲዘምቱ 600 ፍሬ ሰንቀው ሄዱ። ሜርኩሪ ደግሞ እንደገባ ይወጣል እንጂ ከአፈር በቀላሉ አይጠፋም። በ2002 ሞንታና ውስጥ ትራቭለርስ ሬስት የተባለውን የዘመቻውን ሰፈር የቆፈሩ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የሽንት ቤቱን ቦታ ለመለየት የረዳቸው በአፈሩ ውስጥ የቀረው የሜርኩሪ ርዝራዥ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ እንዲህ የሚጨበጥ ውጤት የተገኘለት ሌላ የለውጥ መርሐ ግብር ካለ ይህ ጸሐፊ አልሰማም።

በዚህ ሳይንስ እኛም ባዳ አይደለንም። ኮሶአችን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዞች የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ሥርዓቱን ግን አብረው አልወሰዱትም፦ ኮሶ የጠጣ ሰው እንግዳ አይቀበልም፣ አደባባይ አይወጣም፤ ለውጡን በጓዳው ይጨርሳል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በተቃራኒው በዚያው ክፍለ ዘመን ቃሉን ከሆድ አውጥተው ለማንኛውም ጉዳይ አዋሉት። ከዚያ ወዲህ ሚኒስትሩም ሥራ አስኪያጁም ማይክ ፊት ቆመው ድራስቲክ እርምጃ እንደሚወስዱ ያውጃሉ፤ ታዳሚውም ያጨበጭባል።

እርስዎ ግን አንባቢዬ፣ አለቃዎ ይህን ቃል ሲያነሱ ከሰሙ፣ ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ይያዙ።