ሳይን ሳይነበብ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ስለ ታፔላቸው የሚባለው ብዙ ነው፤ ለሚባለው ሁሉ መልስ አለኝ።

«ታፔላ የሚባል የራሳችን ቃል እያለን ሳይን፣ ቢልቦርድ ምን ያደርግልናል?» አለኝ የቡራዩ ወዳጄ።

ወንድሜ፣ ታፔላም እንግዳ ነው፤ ቀድሞ ገብቶ ተላመደ እንጂ የጣልያኑ «ታቤላ» ነው። የእንግሊዝኛው ሳይን ሥሩ የላቲኑ «ሲግኑም»፣ ምልክት ነው። ቢልቦርድ ደግሞ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ነው፤ የ«ቢል» ቅድመ አያቱ «ቡላ» ይባላል። ቡላ ስልህ የእንሰቱ እንዳይመስልህ፤ ማኅተም ማለት ነው። የቃሉን ዘር መቁጠሩን ተውና ሰሌዳው ለማን እንደተጻፈ ጠይቅ። ሳይን ሳይነበብ ከቀረ ቆርቆሮ ነው።

«ሰበታ ላይ እንግሊዝኛውን አበላሽተው ጽፈውታል» አለችኝ ለሸመታ የወረደች ጎረቤቴ።

እቴ፣ ቁቤ እኮ ነው! ኦሮምኛ በይፋ በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በቁቤ ኤክስ «ጠ» ነው፤ ሲ «ጨ»፣ ኪው «ቀ» ነው። «ዛፊ» ብለሽ ያለፍሽው «ጣፊ» ነበር፤ ጤፍ! አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፤ ቁቤ የሚያነብ ደግሞ ጤፍ ይሸምታል።

«ባንድ ታፔላ ላይ ሁለት ቋንቋ ይከብዳል» አሉኝ የሱሉልታው ባለሱቅ።

ጋሼ፣ በጎጃም መንገድ የመጣው አማርኛ፣ ከሙሎ የመጣው ኦሮምኛ ያነባል። የሁለቱም ብር ኪስዎ ሲገባ አልከበደዎትም፤ ቋንቋቸው በርዎ ላይ ሲሰቀል ለምን ይከብዳል?

«አንድ ሁለት ፊደል ቢሳሳት ሰው ይገባዋል» አለኝ ታፔላ ጻፊው።

ይገባዋል? በቁቤ «ለፈ» መሬት ነው። የደላላው ሰሌዳ ላይ ሁለት «ኤ» ብትጨምርበት «ላፋ» ይሆናል፤ ለስላሳ ማለት ነው። ደላላው መሬት ሊሸጥ ወጥቶ ለስላሳ ነገር ሲያስተዋውቅ ዋለ! ብሩሽህን ቀለም ውስጥ ከመንከርህ በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አስነብብ።

«ቁም የሚለው ምልክት ለጀማሪ ነው» አለኝ የጅማ መንገድ ሾፌር።

ቁም ሲሉት የማይቆም ሾፌር ቁም ነገር የለውም። ሰበታ መሐል ወደ መንገዱ የሚወጡት ሕፃናት የአንተን ልምድ አያውቁም፤ ፍሬንህን ግን ያምናሉ።

«ለመሆኑ ታፔላ ለሚያይ ሰው አይደል?» አለኝ አንዱ፣ አሁንም ሰበታ ላይ።

የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ላይ ቆመህ ይህን አትበል! ተማሪዎቿ ብሬል ያነባሉ፤ የቢሮው በር፣ የሐኪም ቤቱ ክፍል ስምም በብሬል ይጻፍላቸው። ዓይን ባያይ ጣት ያነባል፤ ያልተጻፈውን ግን ጣትም ዓይንም አያነበውም።