መርፌዋ የምትዘልባት ቦታ

ምነው ሸዋ! ሰው በገዛ ሳሎኑ፣ በገዛ ወንበሩ ተቀምጦ አንድ ዘፈን ልስማ ቢል ፓስዎርድ ይጠየቃል? እናንተ አብራችሁኝ የምታረጁ የዘመኔ ሰዎች፣ እስቲ ፍረዱኝ። ያቺን አሮጌ ቮልሴን በ600 ሺህ ብር ሸጥኳት፤ ልጄ ደግሞ ከአሜሪካ የቀረውን እሞላልሃለሁ አለችኝ። እንግዲህ በስተርጅና አንድ የረባ ሙዚቃ ማጫወቻ ቤቴ ላስገባ ብዬ ተነሣሁ። ገንዘቡ አለ። ጆሮውም አለ፤ ባለቤቴ በዚህ ባትስማማም። ሰላም ግን የለም።

በእኛ ጊዜ ነገሩ ሁሉ በወግ ነበር። የአባቴ ሬዲዮ ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ እንደ ሙሽራ ይቀመጣል። ሲከፍቱት እንደ ዛሬው ዕቃ ዘሎ አይጮህም፤ ጨዋ ነበር። ውስጡ ያሉት የመስታወት አምፖሎች ቀስ ብለው እስኪግሙ ድረስ ትጠብቃለህ፣ ትታገሣለህ፣ ከዚያ ድምፁ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ዘመድ እያዘገመ ይደርሳል። ግማሹ ሹሹታ ነው፤ ግን ሹሹታውም ሹሹታ ነበር! ለመላው ሰፈር እንዲሰማ መስኮቱን እንከፍታለን፤ ማንም ቀንሱልን አላለንም። የዛሬ ጎረቤቴ ግን ሙዚቃውን እስከ እኩለ ሌሊት ያስጮኸዋል። ይሉኝታ የሚባል ነገር ከዚህ አገር ወጣ።

ከዚያ ሸክላ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ብቅ አለ። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለአገር ፍቅር ተሰጥቷል ቢሉት አሻፈረኝ ብሎ በራሱ ገንዘብ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ውጭ አገር አሳትሞ አመጣልን። እንዲህ ያለ ደፋር ወጣት ዛሬ የት አለ? የዛሬ ወጣት ሕግ አያከብር፣ ታላቅ አይሰማ! እኔ 11 ሸክላ ነበረኝ። አስራ አንድ! በአንድ ፊት አንድ ዘፈን፤ በየሦስትና በየአራት ደቂቃው ብድግ ብለህ ትገለብጠዋለህ። ጤናችን የተጠበቀው በዚያ ነው። ዛሬ ስልኩ ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ዘፈን አለ ይሉኛል፤ ልጆቹ ተንጋለው በጣት ያዛሉ፤ አንዱንም እስከ መጨረሻው አይሰሙም። ስንፍና ነው። እኔ የምገዛው ዕቃ ሪሞት እንዲኖረው ያዘዝኩት ጉልበቴን ስለሚያመኝ ነው፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

በደርግ ጊዜ እንኳ፣ ሰዓት እላፊው ይንሣውና፣ ጭፈራ ቤት ምሽት ላይ ከገባህ እስኪነጋ መውጣት የለም። የዛሬ ሰው ሁለት ዘፈን ሰምቶ ታክሲ ይጠራል። ምን ጎደለብን ያኔ? ከእንቅልፍ በቀር ምንም።

እሺ፣ ወደ ሱቁ እንምጣ። ገና ከበሩ ስገባ አንድ ጎረምሳ «ፋዘር፣ ምን ልርዳዎት?» አለኝ። ጋሼ የሚለው ቃል ምን በደለ? ስንት ትውልድ ያከበረ ቃል ዛሬ በምን ተሻረ? ልጁ መጥፎ አይደለም፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃም አመጣልኝ። ችግሩ መናገሩ ነው። ሁለቱ ስፒከሮችና የእኔ ወንበር ጎኖቹ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን መሥራት አለባቸው አለ። ባዶ ግድግዳ ያስተጋባል፤ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ድምፁን ይውጣል አለ። ስፒከሩን ጥግ ውስጥ ከወሸቁት ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል አለ። በመጨረሻም ቤቴ መጥቶ ሳሎኑን ለካና ሜትሩን አጥፎ «ፋዘር፣ ቡፌው መነሣት አለበት» አለ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ያ ቡፌ የሠርጓ ነው። «አንተ ትነሣለህ እንጂ ቡፌው አይነሣም» አለችኝ።

ደግሞስ ይኼ ስፒከር እስከ 40,000 ኸርዝ ይሄዳል ይለኛል። የሰው ጆሮ በልጅነቱ እስከ 20,000 ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ከላይ ከላይ እየተሸረፈ ይመጣል፤ ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ታዲያ የተረፈውን ለማን ልግዛው? ለውሻው? ብቻ ይግባ አልኩት፤ እንግዳ ቢመጣስ።

ሽቦውስ! ስፒከሩን ከአምፕሊፋየሩ የምታገናኘው ሽቦ 45 ሺህ ብር። ወንድሜ በ1966 ዓ.ም. በተራ የመብራት ገመድ አገናኝቶት ቤቱ ይናጥ ነበር። ዋናው ቁም ነገር ሽቦው ወፍራምና አጭር መሆኑ ነው፤ ሌላው ማስጌጫ ነው። ይህን አስረድቼ፣ ተከራክሬ፣ ልጁን አሳምኜ ስጨርስ ባለ 45 ሺውን ያዝኩ፤ ርካሽ ነገር አልወድማ።

ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ ከዚህ ላምጣልህ» ትላለች። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የኛ 220። እንዲሁ ብሰካው በአንድ ብልጭታ የቮልሴ ዋጋ ጭስ ይሆናል። ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ እንዳያቃጥለው ስታብላይዘር ያስፈልገዋል፣ ሁሉም ዕቃ ዕቃ ይወልዳል። አንዱ ማጫወቻማ ገና ሲከፈት «አፕዴት ልሁን» ብሎ ዋይፋይ ጠየቀ። የአባቴ ሬዲዮ ሃያ ዓመት ሲያገለግል አንድ ቀን እንኳ ልለወጥ አላለም።

አሁን የማሳያችሁ ግን ከሁሉ የባሰው ነው። ልጁ «ምርጡን ላሳይዎት» ብሎ ጨርቅ ገለጠ። ከሥሩ የወጣው ምንድን ነው? የመስታወት አምፖል! ቀስ ብሎ የሚግም፣ እንደ ፍም የሚቀላ፣ ልክ የአባቴ! ዋጋው 380 ሺህ ብር። ድምፁ ይሞቃል ይሉታል፤ ለዚህ ነው አሉ ሀብታም የሚሻማበት። የዛሬ ሰው አሮጌ ዕቃ ጥሎ ጥሎ ይኸው መልሶ በወርቅ ይገዛዋል፤ አያያዝ አያውቅም። የአባቴን ሬዲዮ ምን አደረግከው አትሉኝም? ለልዋጭ ሰጥቼ ሳፋ ወሰድኩበት። ሳፋውን ብታዩት! እስከ ዛሬ ልብስ ይዘፈዘፍበታል። የዛሬ ሳፋ ወር አይቆይም።

ልጁ ሊያስደስተኝ «የሚወዱትን ይጥሩ» አለኝ። አንድ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ጠራሁ። ያ ዘፈን ከአስራ አንዱ ሸክላዎቼ ውስጥ አለ፤ በእህቴ ሠርግ አንዱ እስክስታ ሲወርድ ጠረጴዛውን ገፍቶ ጭረት አገባበት። ጭረቷ ጋ ሲደርስ መርፌዋ አንዲት ቃል ይዛ ትንተባተባለች። መድኃኒቱ ስሙኒ ነው። ክንዷ ጫፍ ላይ አንዲት ስሙኒ ስትጭንባት መርፌዋ ትከብድና ዝልል ብላ ወዲያ ማዶ ታርፋለች። ሃምሳ ዓመት እንዲያ ሰማሁት፤ እንዲያ ዘፈንኩት፤ ባለቤቴን ያጨሁትም በዚያው ነው።

ልጁ ስልኩን ነካ አደረገ። ጥላሁን ከሁለቱ ስፒከሮች መሐል ቆሞ ዘፈነ፤ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል። አልዋሽም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እዚያች ቦታ ሲደርስ ልዝለል ብዬ ትከሻዬን ሰበቅኩ። አልዘለለም! በዚያ ፈንታ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀው ስንኝ መጣ።

«ይኼን ከየት አምጥታችሁ ጨመራችሁበት?» አልኩት።

«ፋዘር፣ ዱሮም ነበረ እኮ።»

ይኸው ነው እንግዲህ ዘመናችሁ። የሰው ዘፈን ላይ ስንኝ ይጨምሩና ዱሮም ነበረ ይሉሃል።

ከብዙ ክርክር በኋላ ዝርዝሩን በእጄ ጻፍኩለት። አምፕሊፋየር 380 ሺህ፣ ስፒከር 420 ሺህ፣ የሸክላ ማጫወቻ 160 ሺህ፣ ሽቦ 45 ሺህ፣ ስታብላይዘር 30 ሺህ፤ ድምር 1,035,000 ብር። ከሥሩ ዘፈኑን ወደ ቦታው የሚመልሰውን ዋናውን ዕቃ አስገባሁ፤ አንድ ስሙኒ።

ልጁ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበና ቀና አለ። «ፋዘር፣ ሌላው ሁሉ አለን» አለኝ። «ይቺ ስሙኒ የሚሏት የየትኛው አገር ሥሪት ናት?»