መነጽርም ያልበዋል

ከመቱ ወደ በቾ በሚወስደው መንገድ፣ የሶር ወንዝ ሃያ ሜትር ያህል ቁልቁል ከሚወረወርበት ጫካ ወዲህ፣ የበቆሎ ማሳ ያለው ሰው ሁሉ ሁለት ጌቶች አሉት፤ አንደኛው ግብር ሰብሳቢው ሲሆን ሁለተኛው የዱር አሳማ ነው። ግብር ሰብሳቢው በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ደረሰኝ ቆርጦ ይሄዳል፤ አሳማው ግን ያለ ደረሰኝ፣ በጨለማ፣ ቤተሰቡን አስከትሎ ይመጣል። ይህንን ባላጋራ ማማ ላይ ወጥቶ በጩኸት፣ በጅራፍና በቆርቆሮ መመለስ ከአባቶች የተወረሰ ሥርዓት ነው።

ባለፈው መስከረም፣ ክረምቱ በባሕረ ሐሳብ ወጥቶ በሰማይ ግን ገና ሥልጣኑን ሳያስረክብ (መቱና ጎሬ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባቸው አገሮች ስለሆኑ ክረምት እዚህ በአዋጅ አይወጣም)፣ የጎረቤቴ የእህታቸው ልጅ ፈቃዱን በኪሱ፣ ባለ መነጽር ጠመንጃውን በትከሻው ይዞ ከአዲስ አበባ መጣ። ጎረቤቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ የሚላቸው ሽማግሌ፣ ራስ ተሰማ ናደው ጎሬ ተቀምጠው ኢሉባቦርን በሚገዙበት ዘመን ለአያታቸው ደረሰ የሚሉት አንድ ውጅግራ አላቸው፤ ፈረንሳዮች በ1874 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ያወጡት ይህ ጠመንጃ ዛሬ ከግድግዳ የሚወርደው አቧራው እንዲጠረግ ብቻ ቢሆንም፣ ኦቦ በእርሱ ምክንያት በጠመንጃ ነገር ሁሉ ላይ ፍርድ የመስጠት ሥልጣን እንዳላቸው ያምናሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ መነጽር ሦስት መቶ ሜትር ላይ ያለውን አሳማ እግርዎ ሥር ያመጣልዎታል» አላቸው ልጁ።

«እግሬ ሥር የሚመጣ አሳማ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው እንዲሄድልኝ ነው» አሉት።

የመነጽሩ መከራ የጀመረው ግን በጫካ ሳይሆን በምድጃ ዳር ነው። ቀኑን ሙሉ ካፊያ ሲመታው የዋለው ጠመንጃ ወደ ቤት ሲገባ፣ የኦቦ ባለቤት የእንግዳ ዕቃ እንደ እንግዳው ይከበራል ብለው ከሁሉ በላይ ሞቃት በሆነው ስፍራ፣ ጀበናው በሚንተከተክበት፣ እርጥብ ጋቢ በተሰቀለበትና ጎረቤት ሁሉ ተጠጋግቶ በተቀመጠበት ከምድጃው አጠገብ አስደገፉት። ብርጭቆው ወዲያው ነጣ። ልጁ በጋቢው ጫፍ ጠረገው፤ እንደገና ነጣ። አቦሉ፣ ቶናውና በረካው እስኪጠጣ ድረስ ሲጠርግና ሲነጣበት አመሸ፤ ኦቦም «ደክሞት ነው፣ አልቦታል፤ ተወው ይረፍ» አሉት።

ሊነጋጋ ሲል ማማው ላይ ነበርን። ጉሙ ከሶር ሸለቆ ተነሥቶ ማሳውን ሸፍኖታል፤ ከጉሙ ውስጥም የበቆሎ አገዳ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ይሰማል። ልጁ ዓይኑን ከመነጽሩ ገጠመ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ከደስታው ብዛት ግን ሊይዘው አልቻለምና ኡፍ ብሎ ለቀቀው፤ ያን ጊዜ በእርሱና በአሳማው መካከል ነጭ መንጦላዕት ተጋረደ። በእጅጌው ጠረገ፤ የውጩ ጠራ፣ የውስጡ ግን በብርጭቆና በብርጭቆ መካከል ተቀምጦ እምቢ አለ። ኦቦ በሰባ ዘመን ዓይናቸው «ያቻትና፣ ሦስተኛው ተርታ ላይ፤ ግልገሎቿም አብረዋት አሉ» እያሉ በሹክሹክታ ሲያመለክቱት ቆይተው፣ ነገሩ ተስፋ እንደሌለው ሲያዩ ቆርቆሯቸውን አንሥተው ደበደቡ፤ አሳማዋም ልጆቿን ይዛ፣ እንደ እኔ አስተያየት ሳትቸኩል፣ ሄደች።

ምሥጢሩን ሊቃውንተ ተፈጥሮ ከገለጡት ቆይቷል። ሞቃት አየር ብዙ ተን ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ግን ሸክሙን ይጥላል፤ በሣር ላይ ሲጥለው ጤዛ እንለዋለን፣ በመነጽር ላይ ሲጥለው ስሙን ለመጥራት ይህ መጽሔት አይፈቅድልኝም። ስለዚህ ከብርድ የመጣ ብርጭቆ ወደ ሞቃት ቤት ሲገባ ይነጣል፤ የሰው እስትንፋስም ሞቃትና እርጥብ ስለሆነ በማለዳ ብርድ ያንኑ ያደርጋል። እነዚህ ሁለቱ ለጨርቅ ይታዘዛሉ። የከፋው ሦስተኛው ነው፤ የመነጽሩ መጋጠሚያ የላላ እንደሆነ የምድጃው እንፋሎት ሌሊቱን ወደ ሆዱ ይገባና ሲነጋ ብርዱ ሲያገኘው በውስጠኛው ብርጭቆ ላይ ይረጋል።

በዚህ ነገር የተቃጠለው የእኛ ልጅ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በኦሪገን፣ ቤተሰቡ የመሬት ቀያሾችን መሣሪያ ይሠራ የነበረ ማርከስ ሊዮፖልድ የሚባል ሰው፣ አጋዘን ሊያድን ወጥቶ መነጽሩ ስለ ደፈነበት አጋዘኑ አመለጠውና ከዚህ የተሻለማ እኔ ራሴ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ ይባላል፤ ፋብሪካውም በ1947 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ውስጡን በደረቅ ናይትሮጅን ሞልቶ የታሸገ መነጽር አወጣ። ዛሬ ደህና የሚባሉት በዚሁ ወይም ይህን በመሰለ ሥርዓት ይታሸጋሉ። የእኛ እንግዳ መነጽርም በጎኑ ላይ ውኃ አያስገባም የሚል ጽሕፈት ነበረበት፤ ጽሕፈቱ እስካሁን አልለቀቀም።

መድኃኒቱን በተመለከተ ምክር አልጠፋም። አንዱ በአመድ ይታሽ አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው መነጽር ኖሮት እንደማያውቅ ግልጽ ነው። ሌላው ወደ ጋምቤላ ቆላ ወርዶ ፀሐይ ይምታው አለ፤ ይህ ከእውነት የራቀ ባይሆንም የመኪናው ዋጋ ከበቆሎው ይበልጣል። የጠቀመው በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው፣ አትብሉኝ የሚል ጽሕፈት ያለበት የእርጥበት መጣጭ ከረጢት ነው፤ ከመነጽሩ ጋር በጣሳ ታሽጎ ሲሰነብት የውስጡ ጉም ቀስ በቀስ ለቀቀ። ልጁ ግን ያን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስበት ቀን ደርሶ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ለአደንም ሆነ ጉሬዛ ለማየት መነጽር ይዘህ ወደ ሶር የመጣህ እንደሆነ፣ መነጽርህን ክዳኑን ገጥመህ ዝናብ በማይደርስበት በረንዳ ላይ በብርዱ አሳድረው፤ ስታይበትም በአፍህ አትተንፍስ። የቤቱ እመቤት ዕቃህን ከምድጃ አጠገብ ካላስቀመጥሁ ብለው ቢቀየሙህ ቡናቸውን እስከ በረካው ጠጣላቸው እንጂ መነጽሩን አትስጣቸው።