ስለ ማእድና ስለ ቅልቅል ወጥ በዋሽንግተን ከተማ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህም ላልሰማ አሰማ! የእንጀራ ጠላት ጆሮው ይደፈን!

ሞአ ርኃብ ዘእምነገደ ጤፍ፣ እኛ ሥዩመ ምጣድ ወዐቃቤ መሶብ፣ ማንም ሳይሾመን በዕድሜያችንና በወንበራችን ብቻ ተሹመን፣ በዩ ስትሪትና በ9ኛው ጎዳና አካባቢ ካለ አንድ ምግብ ቤት መስኮት አጠገብ ተሰይመን፣ ከአዳምስ ሞርጋን እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፖቶማክንም ተሻግሮ እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ ወጥ ለምትሠሩ፣ ለምታሳልፉ፣ ለምትበሉና ሒሳብ ለምትከፍሉ ሁሉ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ዶሮ ወጥ፣ ያ በሐዋርያት ቍጥር 12 ብልቱ ወጥቶ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ታጥቦ፣ ሽንኩርቱ ከጧት ጀምሮ ሲቁላላ ውሎ፣ በመጨረሻም እንቁላሉ እንደ ዕንቍ ተሰክቶበት በበዓል ዋዜማ ሰፈሩን በመዓዛው የሚያውደው ልዑለ ወጥ፣ አጥንቱን ተገፎ፣ በዱቄት ተለውሶ፣ በፈላ ዘይት ከተጠበሰ በኋላ በሁለት ክብ ዳቦ መካከል እንደ ግዞተኛ ተጨፍልቆ ሲቀርብ አይተናል። ክትፎም ከቆጮ ባልንጀርነቱ ተለይቶ በታኮ ታጥፎ፣ እንጀራም በሦስት ማዕዘን ተቆርጦና ደርቆ ቺፕስ ተብሎ፣ ሽሮም ሁሙስ ነው ተብሎ በካሮት ጫፍ ሲጠነቆል በተመለከትን ጊዜ ልባችን እጅግ አዘነ። (ሆዳችን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል አላዘነም።) ስለዚህ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። ከባሕር ማዶ የመጣ ማናቸውም ነገር ወደ ወጥ እንዳይገባ ተከልክሏል። ይህን ብለን ብዕራችንን ሳናነሣ፣ ቀን ታክሲ እየነዳ ማታ ታሪክ የሚያነበው ጸሐፌ ትእዛዛችን ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጃንሆይ፣ በርበሬውስ?» አለን። በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ስለ ሆነ፣ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ውቅያኖሱን ከመሻገሩ በፊት ከአባቶቻችን አንዱ እንኳ እንዳልቀመሰው፣ ንግሥተ ሳባም ወደ ኢየሩሳሌም በወረደች ጊዜ በስንቋ ውስጥ ድልህ ሊኖር እንደማይችል አስረዳን። እኛም ተቆጥተን ዝም ብንለው፣ ቲማቲሙንና ድንቹን ከዚያው ከአሜሪካ አስከትሎ አመጣብን፤ በመጨረሻም ጣልያንን በአርበኝነት ተጋድሎ ካስወጣን በኋላ ፓስታውን ግን በግዞት አስቀርተን፣ በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች በእንጀራ እየጠቀለልን ስንበላው መኖራችንን አስታወሰን። ባዕድ በርበሬ ወደ ትውልድ አህጉሩ ሲመለስ በእኛ ስም መመለሱ የሚያስመካ ነውና፣ አንቀጽ 1 በወጣበት ሰዓት ተሽሯል።

አንቀጽ 2። እንጀራ ከንጹሕ ጤፍ በቀር ከሌላ እህል እንዳይጋገር አዝዘን ነበር። ነገር ግን በዚህ ከተማ የመጀመሪያዎቹ ምግብ ቤቶቻችን በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለታችን ነው፣ ብቅ ብቅ ሲሉ ጤፍ እንደ ወርቅ የራቀ ስለ ነበር፣ እናቶቻችን የስንዴውን፣ የገብሱንና ሰልፍ ራይዚንግ የተባለውን ዱቄት አዋሕደው፣ እርሾውን በትዕግሥትና በጸሎት አስነሥተው፣ ዐይን ያላት እንጀራ አወጡልን። ኋላም የአሜሪካ ገበሬ በአይዳሆ ምድር ጤፍ ዘራ። ያን የስንዴ እንጀራ በስደታችን ወራት በእንባ የበላን እኛ፣ ዛሬ የልጆቻችንን ታኮ ርኩስ ብንል በምን አፋችን ነው? ይህም አንቀጽ ለጊዜው ይቆይ።

አንቀጽ 3። የጾም በየዓይነቱ ቪጋን መባሉን በዝምታ አልፈነዋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ትተን፣ በትንሣኤ ሌሊት ዶሮውን እያሰብን ኪርያላይሶን ስንል ለምናድር ሰዎች፣ ፋሲካ የሌለውን ሁዳዴ በፈቃዱ የሚጾም ሕዝብ ከመነኮሳት ሳይበልጥ አይቀርም። ይጥገቡልን፤ ሽሮውም ይጨመርላቸው።

አንቀጽ 4። ዩ ስትሪት ላይ ከ1958 ጀምሮ ቋሊማ በቺሊ ሲሸጥ የኖረው ቤንስ ቺሊ ቦውል በሰፈሩ ቀዳሚያችን ስለ ሆነ፣ ሃፍ ስሞክ በተባለው ቋሊማው ላይ ሚጥሚጣ መነስነስ ለጎረቤት የሚገባ ክብር ተብሎ ተፈቅዷል። እኛ በተሰየምንበት ቤት ጓዳ ሽንኩርት የሚከትፈው፣ ከኤል ሳልቫዶር የመጣው ወንድማችንም፣ «ቁሌቱ ገና ነው» ሲል ከብዙዎቻችን ልጆች ይልቅ ባማረ አማርኛ ስለሚናገር፣ የሀገሩን ፑፑሳ በጎመን ቢሞላ አይከሰስም።

አንቀጽ 5። እንግዲህ ቍጣችን የሚያርፍበት ስፍራ እዚህ ነው። አራት ወዳጆች ገብተው አራት ሳህን ሲቀርብላቸው፣ አንዱ ክትፎውን፣ ሌላው ምስሩን፣ ሦስተኛው በሩዝ ላይ የፈሰሰ ጥብሱን ይዞ፣ እያንዳንዱ እንደ መናኝ በየበኣቱ አቀርቅሮ ሲበላ፣ ማንም እጁን ወደ ማንም ሳይዘረጋ ሒሳቡ እንኳ በአራት ተከፍሎ ሲመጣ አይተናል። ትሪው አንድ በነበረ ጊዜ የተጣላ ሰው ጎን ለጎን ቢቀመጥ ወጡ ድንበር ስለማያውቅ እጅ ለእጅ መገናኘቱ አይቀርም ነበር፤ ዓይን አፋሩም ሙሽራ የልቡን በጉርሻ ይናገር ነበር። ስለዚህ ወጡን እንደ ወደዳችሁ ቀላቅሉ፤ ትሪውን ግን የሚከፋፍል ባለ ምግብ ቤት ቢገኝ፣ በሹካ ያቀረበለት ሰው በእጁ ሦስት ታላላቅ ጉርሻ ከነሚጥሚጣው ያጉርሰው፤ ውኃም አይሰጠው።

ማኅተማችንን ልናሳርፍ ስንል ግን፣ በዚሁ ከተማ የተወለደችው አስተናጋጅ፣ ያላዘዝነውን የጥብስ ታኮ በትንሽ እንጀራ ጠቅልላ አመጣችና፣ «አባባ፣ አዲስ ነው፤ እኔ ነኝ ያሰብኩት፤ በሞቴ!» ብላ በገዛ እጇ ወደ አፋችን አቀረበችው። አፋችንን ከፈትን። ጸሐፌ ትእዛዛችን ብዕሩን ይዞ አየን፤ መረቁም በጢማችን ወርዶ በአዋጁ ወረቀት ግርጌ ላይ ክብ ሆኖ ቀይ ታተመ፤ ሌላ ማኅተምም አላስፈለገንም።

አንድ ጉርሻ ያጣላልና ሁለተኛውን ስንጠብቅ አንቀጽ 6 ሳይጻፍ ቀርቷል።

ተጽሕፈ በሀገረ ዋሽንግተን፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከአቦል በኋላ ከበረካ በፊት።